አያታችን «ፌይ» ያለችበት ጠዋት

ለውድ ወንድሜ ለአርቺ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ጉልበትህ የካናዳን ብርድ እንዴት ቻለው? ሜሪዮንን ሳሉ ለቀቃት? ትንሿ ጄኔትስ ጥርስ አወጣች? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ። አያታችንም ዓይኗ ደከመ እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው።

በቴሌግራሙ የነገርኩህ የአባባን መስጠም ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ከቄስ ዳግሊሽ በቀር እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከማገለግልበት የኤድንብራ ቤት ለዕረፍት በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ አባባ ጠዋት ተነስቶ መዝፈን ጀመረ። አባባ! በገዛ ሠርጉ እንኳ አልዘፈነም የሚባለው ሰው። ትንባሆውን ለጎረቤታችን ለሳንዲ ሰጠው፤ አያታችንን ወገቧን ይዞ አዞራት፤ እኔንም ጉንጬን ሳመኝ። መረቡን ይዞ ሲወጣ የአያታችን ፊት አመድ መሰለ። «ልጄ ፌይ ሆኗል፤ ሂጂ መልሽው» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ። እመቤቴ ግጥም የሚጽፉ ወዳጆቿን የምታሞግሰው በዚሁ ቃል ነው፤ ህልመኛ፣ የዚህ ዓለም ሰው የማይመስል ለማለት። «አንድ ቀን ደስ ቢለው ምን አለበት?» አልኳት። «አንቺ ከተሜ! ሩጪ እልሻለሁ!» ብላ በከዘራዋ ገፋችኝ። እኔ ዳቦዬን ቅቤ መቀባት ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። እሱን ግን ባሕሩ እስከ ዛሬ አልመለሰልንም።

ቄስ ዳግሊሽ ሊያጽናኑን ሲመጡ የሆነውን ነግሬ ስለ ቃሉ ጠየቅኋቸው። የጥንት እንግሊዝኛ ነው አሉኝ፤ ከሺህ ዓመት በፊት «ሞቱ የተቆረጠለት» ማለት ነበር። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ከሞት ቀድሞ ለሚመጣው እንግዳ ደስታ አስቀረነው። በትልልቆቹ ሰዎች ሳሎን ግን ሞቱ ቀስ በቀስ ተረሳና እንግዳነቱ ብቻ ቀረ፤ ጭራሽ ሙገሳ ሆነ። «ባለማወቅሽ ነው ልጄ፣ ጥፋት የለብሽም» አሉኝ። እኔ ግን ቃሉን ባላውቅም የአያታችንን ፊት አይቼ ነበር፣ አርቺ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

አያታችን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ነፋስ በጭስ ማውጫው ሲገባ ብቻ ሁለታችንም የያዝነውን ትተን እናዳምጣለን። የምንሰማው ምን እንደሆነ አንነጋገርም።

ባለፈው ደብዳቤህ «ሰሞኑን ያለ ምክንያት ደስ ደስ ይለኛል፣ ሥራ ስወርድም ሳላስበው አንጎራጉራለሁ» ብለሃል። ለአያታችን ሳነብላት ያንን መስመር ዘለልኩት። ተራ ደስታ ይሆናል፤ ይሁንልኝ። ብቻ ይህ ደብዳቤ የደረሰህ ዕለት ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ አትውረድ። እየሳቅህብኝም ቢሆን ቅርልኝ።

ሜሪዮንን እቀፍልኝ፤ ጄኔትን ግንባሯን ሳምልኝ። ሳንዲ ሰላም ብሎሃል፤ ትንባሆውን እስከ ዛሬ አልነካውም። አያታችን የላከችልህ ካልሲ እጥፍ ሱፍ ነውና ሳትንቅ አድርገው።

እህትህ ኤልስፔት
በርንማውዝ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1936