ዓይን የማይለያቸው ሁለት ገጾች

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፦

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ያምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ዓይንሽስ አሁንም ክሩን በአንዴ መርፌው ውስጥ ያስገባል? አባዬስ ሳሉ ተወው? የስፌት መኪናሽ ፔዳልስ ተጠገነ ወይስ አሁንም ሰፈሩን ሁሉ እየቀሰቀሰ ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሰው ጋር እከራከራለሁ። ያው እንደምታውቂኝ ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በሚያውቀው ሰው መሥሪያ ቤት ቦታ እንዳገኘልኝ፣ የሚፈልጉትም ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው ብቻ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። የኮምፒውተር ሥራ የትም ቢሆን አንድ ነው ብሏል አሉ። አንቺም ከዘመድ ርቀሽ ማንን ልታስደስቺ ነው ብለሽ ጨምረሽበታል። እማዬ፣ አትቀየሚኝ፤ አልመጣም። ምክንያቱን ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ተቆጪኝ።

እዚህ ማተሚያ ክፍል ውስጥ ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች በጣት የሚነበቡ መጻሕፍት እናትማለን። ማሽናችን ወፍራም ወረቀት ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች ያወጣል፤ ተማሪው ጣቱን እያስኬደ ያነባል። ተራውን ጽሑፍ ወደ ነጠብጣብ የሚለውጠው ፕሮግራም ግን አርጅቷል፤ ሠሪዎቹም ትተውታል። የድሮው ኮምፒውተር ጢሱን አትጎልጉሎ ሲሞት አዲስ ተገዛ፤ በእጃችን የቀረው ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሠራበት መነሻ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ኃላፊያችን የሒሳቡ መጽሐፍ ከፈተና በፊት ካልታተመ ክፍሉን ዘግቶ ማሽኑን እንደሚሸጥ ነገረን። ያ ከሆነ ጓደኞቻቸው መጽሐፍ ሲገልጡ እነዚህ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ነው።

ከሶርስ ኮድ ፕሮግራም መሥራት የተሰፋ ልብስ ከመግዛት ይልቅ ጨርቅ ቆርጦ ራስ መስፋት ነው፤ ላንቺ ለልብስ ሰፊዋ ይህን ማስረዳት አያቅተኝም። ቀሚስ ስትሰፊ ዚፑን ራስሽ አትሠሪውም፤ ከመሳቢያሽ ልኩን መርጠሽ ታወጫለሽ። ፕሮግራምም ሌሎች የሠሯቸውን ዕቃዎች በስምና በቁጥር እየጠራ ይጠቀማል፤ ላይብረሪ እንላቸዋለን። የእኔው ቁርጥራጮች ሁሉ ያለ እንከን ተሠሩ፤ መጨረሻ ላይ ሊገጣጠሙ ሲሉ ግን አንዲት ላይብረሪ አልተገኘችም ብሎ ቀጥ አለ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያለችው የቅርብ ጊዜዋ ናት፤ ፕሮግራሙ የሚጠራው የድሮዋን ቁጥር ነው።

ቶሎቶሎ የሚባል ባልደረባ አለኝ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ምግብ እንኳ ሳያኝክ ነው የሚውጠው። ምሳ በልቼ ስመለስ ተገጣጠመልሽ ብሎ እየሳቀ ጠበቀኝ። እንዴት አደረግኸው ብዬ ብጠይቀው ዋናው መሥራቱ ነው አለኝ። እውነትም ማሽኑ እየተንኳኳ ገጽ በገጽ ላይ ያወርዳል። ቀልቤ አልወደደውም።

አራሚያችን ራሷ ዓይኗ አያይም፤ የምታርመው በጣቷ ነው። ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ ጣቷ ቆመ። ተመልሳ ዳሰሰችው። ከቅንፍ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ ፊደል ሆኗል አለችኝ። በዚህ ጽሑፍ ቁጥርና ፊደል ነጠብጣባቸው አንድ ነው፤ ቁጥር መሆኑን የሚያሳውቀው ከፊቱ የሚቀመጥ ምልክት ነው። ያ ምልክት ተውጧል። ኃላፊው መጥቶ ገጹን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ ጠርዙና ላኩ አለ። አራሚዋ አንተ እንድታየው አልታተመም አለችው። የእኔም ደሜ ፈልቶ ስለነበር ይህ መጽሐፍ ከዚህ ክፍል የሚወጣው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው አልኩት። እንግዲያው እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሁላችሁም ትወጣላችሁ ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶት ሄደ።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። ፕሮግራሙ እያንዳንዷን ላይብረሪ ከየት እንደሚያመጣ የሚያስዘረዝር ትእዛዝ አለ። ያንን ስጽፍ የቶሎቶሎ ጉድ ፍንትው ብሎ ወጣ። በድሮዋ ላይብረሪ ስም አንድ ሊንክ ፈጥሮ ወደ አዲሷ እንዲያመለክት አድርጎታል። ልኩ ሌላ የሆነ ዚፕ ላይ የምትፈልጊውን ቁጥር ለጥፎ መሳቢያሽ ውስጥ እንደማስቀመጥ በይው። ፕሮግራሙ ስሙን ሲያገኝ ዝም አለ፤ ውስጧ ግን ሌላ ስለሆነ ቅንፍ ላይ ሲደርስ ተሳሳተ።

ሊንኩን አጠፋሁት። የድሮዋን ላይብረሪ ሶርስ ኮድ ፈልጌ እሷንም ከመነሻዋ ሠራኋት፤ ፕሮግራሙንም እንደገና ገጣጠምኩት። ሳስነሳው አሁንም አላገኘኋትም አለኝ። እዚያው አፍንጫው ሥር አስቀምጬለት እኮ ነው እማዬ። ለካ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ቀድሞ በሚያውቃቸው መሳቢያዎች ብቻ ኖሯል፤ እኔ ያስገባኋት አዲስ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህኛውንም ፈልግ ብዬ አስታወቅኩት፣ ዝርዝሩን አሳደስኩት፤ ተነሣ። ቶሎቶሎ መጀመሪያ ፊቱን ቅጭም አድርጎብኝ ነበር፤ በኋላ ግን ወረቀት ሲያቀብለኝ ዋለ። ክፉ ልብ የለውም፣ ችኩል ነው እንጂ።

አራሚዋ አዲሱን ገጽ ስትዳስስ አጠገቧ ቆምኩ። ቅንፉ ጋ ደረሰች፤ ጣቷ ሳይቆም አልፎ ሄደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መጽሐፉ ለልጆቹ ደርሷል፤ ማሽኑም ቦታው ላይ ነው። ኃላፊው እስካሁን በወጉ ሰላም አይለኝም፤ እኔም አልለምነውም።

እንግዲህ ጋሼ ያገኘልኝ ወንበር ላይ እንደዚያች ላይብረሪ ስሙ ብቻ የሚገጥም ሰው ሁሉ ሊቀመጥበት ይችላል። ለእኔ ማሰቡን አውቃለሁ፤ አከብረዋለሁም። ግን ባዶ ቦታ ስላገኛችሁ ብቻ አንሥታችሁ አትሰኩኝ። ብቸኝነቱ አይከብደኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ አንዳንድ ቀን ሆዴ ይባባል። ቢሆንም እዚሁ ነኝ።

ለአባዬ እጅ ነሥቼ ሰላም ብዬዋለሁ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቆጣ በይልኝ። ለትንሿ እህቴ ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ቀሚሴን መልበሷን ሰምቻለሁ፣ ይሁንላት። ለአክስቴም፣ በአጥር ለምታዋራሽ ጎረቤታችንም ናፍቆቴን አድርሺልኝ።

ለጋሼ ደግሞ ከሰላምታዬ ጋር እዚህ ውስጥ ያሉትን ሁለት ገጾች ስጪልኝ። አንዱ የተሳሳተው ነው፣ አንዱ የታረመው። ሁሉም አንድ ነው ብሎ የለ? በዓይኑ ብቻ አይቶ ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ካገኘው ዕቃዬን ጠቅልዬ እመጣለሁ። አንቺ ግን መነጽርሽን አውልቂና ከላይ አራተኛው መስመር ላይ ጣትሽን ቀስ አድርገሽ አስኪጂ። በአንደኛው ገጽ ላይ ኖራ በሌላው የምታጫት ምልክት አለች። እዚህ ያስቀረችኝ እሷ ናት። መስመሩን ለጋሼ እንዳትነግሪው።

የማትሰማሽ ልጅሽ

ከማተሚያ ክፍሉ፣ ከመስኮቱ ሥር
ግንቦት 9 ቀን