አምቡላንስ እና የጎመኑ ውሃ

ሰኞ፣ የካቲት 3

እትዬ፣ ይሄን ጊዜ ብቻ እመኑኝ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ይሄኛው እንደዛኛው አይደለም...

እንዲህ ብዬ ልጀምር? አይሆንም። "እንደዛኛው" ካልኩ ያኛው ትዝ ይላቸዋል። ትዝ ካላቸው ደግሞ ይስቃሉ።

ከራት በኋላ ሳህን እያጠብኩ አፌን ሳለማምድ አመሸሁ። ቀኑ እንደ ወትሮው ነበር። ቁርስ፣ ሳህን፣ ወለል፣ ካልሲ። ከዛ ፕሮፌሰሯ ከትምህርት ቤት መጣች። የእትዬና የጋሼ ልጅ ናት፣ አሥር ዓመት አልሞላትም፣ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ቤት ባለ ዕቃ የሆነ ነገር ሠርታ ማሳየት አለባት። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላ ውሃውን በየብርጭቆው ትቀዳለች። ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ሮዝ ይሆናል። ሳሙና ስትጨምርበት አረንጓዴ። ንጹህ ውሃ ከጨመረችበት ግን እዛው ወይን ጠጅ። "እታለም፣ ጎመኑ እኮ አይዋሽም!" ትለኛለች። እውነትም ያምራል። እስከዚህ አጨበጨብኩ።

ራት ላይ ጋሼ ገቡ። ጋሼ መንገድ የሚሠሩ ኢንጂነር ናቸው፣ ስለዚህ ጎመንም ያውቃሉ።

"ጥሩ ነው፣ ግን ማሳረጊያ የለውም" አሉ። "በረኪናም ይግባ፣ አቼቶም ይግባ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ግልብጥ! ሰው አፉን ይከፍታል።"

ይከፍታል እንጂ። አየር ሲያጥረው ምን ያድርግ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ይሄን ልጻፈው።

እዚህ ሳልመጣ እንግዳ ማረፊያ ነበር የማጸዳው። አንድ ቀን ሽንት ቤቱ እንዲያበራ ብዬ በረኪናና አቼቶ ደባለቅኩ። ብልጥ ነኛ! በሩን ዘጋሁ፣ ፈተግኩ... ዓይኔ ነደደ፣ ጉሮሮዬን የሆነ ነገር አነቀኝ፣ ከዛ በኋላ የማውቀው ጓደኛዬ በእግሬ ስትጎትተኝ ነው። አንድ ሳምንት ሳልኩ። እኔ ጤነኛ ደረት ይዤ።

ፕሮፌሰሯ አስም አለባት። ሲያፍናት የምትስበው መንፊያዋ ከእርሳስ ማስቀመጫዋ አይለይም።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ነገ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ነገርኳቸው።

"ሽታ ነው እንጂ ጋዝ አይደለም" አሉ ጋሼ፣ ስልካቸውን እያዩ። "አንቺ እኮ ሽታና ጋዝ አትለዪም፣ አምቡላንስ።"

አምቡላንስ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ነው። ሳሎን ስገባ ሽታ... የጋዝ ሲሊንደሩ አፈሰሰ ብዬ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። አራት ፎቅ ሰው ወረደ። አንዱ ፎጣ አገልድሞ፣ አንዷ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ። እሳት አደጋ መጣ። ሲፈለግ ሲፈለግ... ሶፋው ሥር ፕሮፌሰሯ ያኔ ስትለማመድ የረሳችው የጎመን ውሃ፣ ሁለት ሳምንት የሸተተ። እሳት አደጋው ሰውዬ ብልቃጡን አፍንጫዬ ሥር ይዞ "ይኸው ጋዝሽ፣ እህቴ" አለኝ። እስከ ዛሬ ዘበኛው ሲያየኝ "ዊው ዊው" ይላል። ይሙት ሲስቅ።

እትዬ ጋ፣ የሚሠሩበት ባንክ ደወልኩ። "አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ጋዝ ነው? ሰው ተሰልፎብኛል" ብለው ዘጉት።

አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ኢንጂነር ሲያርም ማን ይሰማል? እኔም ብሆን አልሰማም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጋሼ ሦስት ቀን ሙሉ የኤግዚቢሽኑን ሠሌዳ ሲቀቡ ሰነበቱ። ርዕሱን እሳቸው ጻፉ፣ ሥዕሉን እሳቸው፣ "እኔ የተማርኩት" የሚለውንም እሳቸው። ፕሮፌሰሯ ሙጫ አቀባይ ሆናለች።

"አባዬ፣ እኔስ ምን ልሥራ?"

"አንቺ ፈገግ ትያለሽ።"

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አደረግኩት። በረኪናውን ደፋሁት። ጠርሙሱን ሦስቴ አለቅልቄ ውሃ ሞላሁበት፣ ክዳኑን አጥብቄ ቦታው መለስኩት። በሩን ሁለቴ ዞሬ አየሁ። የሰረቅኩ ይመስል... ውሃ ሰጠሁ እንጂ ምን ወሰድኩ?

ዓርብ፣ የካቲት 14

ብርጭቆ ተሸካሚ ሆኜ ሄድኩ። አዳራሹ መስኮት አለው፣ የሚከፍተው የለም። ወላጆች በላብ ተጠምቀዋል፣ ልጆቻቸው ዳር ቆመው ብስኩት ይበላሉ። ከእኛ አጠገብ የአንዱ አርክቴክት እሳተ ገሞራ ነበር፣ መብራት ሁሉ አለው። ልጁ ዛሬ ገና ማየቱ ነው። "ይሄ የኔ ነው?" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ተራችን ደረሰ። አቼቶ፣ ሮዝ። ሳሙና፣ አረንጓዴ። ሰው አጨበጨበ። ከዛ ፕሮፌሰሯ በረኪናውን ጨመረች...

ወይን ጠጅ። ንቅንቅ የለም።

ጋሼ "ጨምሪ፣ ጨምሪ" አሉ በጥርሳቸው። ጨመረች። እዛው። ልጅቱ ብርጭቆውን ወደ መብራት አነሳችው፣ አየችው፣ ከዛ በዛች ቀጭን ድምፅዋ፣

"ይሄ በረኪና አይደለም። ውሃ ነው። ጎመኑ አይዋሽም።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳይንስ መምህሯ ግን አልሳቀችም። መጥታ ትከሻዋን ያዘቻትና "ዛሬ ካየሁት ሁሉ ሳይንስ የሠራሽው አንቺ ብቻ ነሽ" አለቻት። ለቀጣዩ ዙር አለፈች! በእውነተኛ በረኪና ደግማ፣ ቪዲዮ ቀርፃ ሰኞ ታምጣ ተባለ። ጎድጓዳ ሳህኑን ጋሼ ከጠረጴዛው ሥር ስላስገቡት ማንም ስለሱ አልጠየቀም።

ሰው ሲያጨበጭብ ፕሮፌሰሯ ዞራ እኔን አየች። እኔን ብቻ።

እኔ በጎመን ተያዝኩ። በጎመን!

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

"በረኪናውን የት አደረስሽው? ሸጥሽው?" ጋሼ።

"ደፋሁት።"

"ለምን?"

"ለደረቷ ብዬ..."

"ደረቷን ለሐኪም ተዪው! በሰው ፊት አዋረድሽኝ! ዛሬውኑ ውጪልኝ!"

እትዬ ምንጣፉን እያዩ ነበር። ምንጣፉ ንጹህ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ልብሴን ሰበሰብኩ። ፕሮፌሰሯ በር ላይ ቀሚሴን ይዛ "እታለም፣ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?" አለች። እኔም ልጅ ናት ብዬ ናቅኋት፣ እነሱ እኔን እንደናቁት።

አክስቴ ጋ መጣሁ። ሁለት አውቶቡስ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 16

አውቶቡስ ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ይዘላል።

ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ። ፕሮፌሰሯ ናት፣ በሹክሹክታ፣ በአባቷ ስልክ። "እታለም፣ አባዬ አዲስ በረኪና ገዛ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልንቀርፅ ነው። መታጠቢያ ቤት፣ ነጩ ግድግዳ ለቪዲዮ ያምራል ብሎ። በሩን እንዘጋለን፣ ድምፅ እንዳይገባ። ሳህኑም አለ።"

"የኔ ቆንጆ፣ ስሚኝ፣ አቼቶውን እንዳት..." ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ጋሼ ዘጉት። ደግሜ ደወልኩ፣ ስልኩን አጠፉት። እትዬ እሑድ እሑድ እህታቸው ጋ ናቸው፣ ሰባት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሱም። ማን ያነሳል የአምቡላንስ ስልክ?

ምን ልበላቸው? ያው "እመኑኝ" ልበል? ሱቅ ሮጥኩ፣ ለምን እንደሮጥኩ እንጃ። ያው ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። አነሳሁት። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ ቀይ፣ የጉንዳን እግር የሚያክል ጽሑፍ። ፊደል በፊደል... ከአ-ቼ-ቶ... ወይም ከ-ሌላ... አሲድ ጋር... አይ-ቀላ-ቅሉ። መር-ዛማ ጋዝ...

ባለሱቁ "ትገዢዋለሽ ወይስ ታጠኚዋለሽ?" አለኝ።

ሁለት ዓመት ይሄን ጠርሙስ አንገቱን አንቄ ኖሬ አንድ ቀን ጀርባውን አላየሁም። እኔስ አራተኛ ክፍል ነኝ። ኢንጂነሩስ?

አሁን አሥር ከሩብ ነው። ለእትዬ በስልክ የላክሁት ይሄ ነው፣ እንዳልረሳው እዚህ ገለበጥኩት፦

"እትዬ፣ እኔን አይመኑኝ። ይቅርብዎ። ያሉበት ቤት በረኪና አይጠፋም፣ ያስመጡና ጀርባውን አዙረው ቀዩን ያንብቡ፣ ማንበብ ከኔ እርስዎ ይሻላሉ። ጋሼ እሱን ከአቼቶ ጋር ሊደባልቁት ነው፣ መታጠቢያ ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ ልጅዎን አስገብተው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። አንብበው ሲጨርሱ ዘበኛው ጋ ይደውሉ፣ በሩን ያንኳኳ። ሥራዬን መልሱልኝ አላልኩም። እየመጣሁ ነው። ካልደወሉ ደጃፉ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ፣ ጩኸቴን ያውቁታል፣ አራት ፎቅ ያወርዳል። ሳይጨልም ይደውሉልኝ።"