አባታችን ያለ ቀዩ ቆብ

ለወንድሜ ለዮሪስ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ካረንስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ንዴቴን ካልቆጠርከው ደህና ነኝ። አባታችንን ማክሰኞ ቀበርነው፤ አንተ በሌለህበት።

ከባሕር ማዶ ካለህበት ከፐርዝ ደውለህ፣ ለቀብሩ በሚታደለው የመታሰቢያ ካርድ ላይ የድንክዬው ፎቶ ይውጣ፣ ሰው የሚወደው እሱን ነው አልከኝ። ቀይ ሹል ቆብ፣ እስከ ሆዱ የወረደ የጥጥ ጢም፣ ለሞተ ሰው። አባታችን ድንክዬ ሆኖ እየተወነ ዕድሜውን የጨረሰበትን ያንን የልጆች ፊልም ከልጅነቴ ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች ሾርባ ውስጥ ሲወድቁ ምኑ ያስቃል? ግን ፊልሙ አይሞትም። ያኔ ይስቁ የነበሩት ዛሬ እዚህም ሆላንድም፣ ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ይከፍታሉ። አባታችን ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ በፊልሙ ስም «አባባ እንጉዳይ» ይሉት ነበር እንጂ በስሙ የጠራው አልነበረም። እሱም ይስቅላቸው ነበር፤ ቤት ሲገባ ለእኛ የተረፈ ሳቅ ግን አልነበረውም። አንተ ይህን ረስተሃል።

ስለዚህ የራሱን ፊት አሳተምኩ። ሳጥኑን ሁሉ ገልብጬ ያገኘሁት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ጓሮ ድንች ሲቆፍር፣ ራሰ በራ፣ ከፀሐዩ የተነሳ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። በሌሎቹ ሁሉ ጢም አለው።

ቤተ ክርስቲያን ሰዉ ለመባ ወጥቶ ካርዱን ሲቀበል ጎረቤታችን ማሪሌን ጠጋ ብላ፣ «ሂልደ፣ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ የሌላ ሰው ካርድ ሰጥቶሻል መሰለኝ» አለችኝ። ስንት ዓመት ከእኛ ጋር ግድግዳ የተጋራች ሴት ናት። ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ ደግሞ፣ «አይ፣ ይሄማ ድንክዬውን በመኪና ያመላልስ የነበረው ሾፌር ነው» ብሎ አስረዳት።

ከቀብር መልስ ዳቦና ሾርባ ሲቀርብ ለቀስተኞቹ የፊልሙን ዘፈን ጀመሩ። ተነስቼ፣ «እዚህ የሞተው አባቴ ነው» አልኳቸው። አንዲት ሴት፣ «ልጅ ሆኜ ሆስፒታል ተኝቼ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እኛም እኮ አዝነናል» ብላ አለቀሰች። አልራራሁላትም።

ለልጆቼ ላኪልኝ ያልከውን ቆብ አልልክልህም። ከነጢሙ ምድጃ ውስጥ ገብቷል።

ለካረን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷስ ባታውቀውም አበባ ልካለች። ኖርንና ሲምን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አንድ ካርድ እዚህ ውስጥ አድርጌያለሁ። ይሄ ማነው ካሉህ አያታችሁ ነው በላቸው። ስሙ ከጠፋህ ከጀርባው ተጽፏል።

እህትህ ሂልደ
ኼል፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2019