በስተቀኝ የቆመው አስተናጋጅ ስም አለው

ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 30 ቀን 1987

ለሎሬል ኮረብታ የፊልም ሙዚየም ዋና ኃላፊ፣
ለክብርት ወይዘሮ ኮርዴሊያ ሃርኔት

“በስተግራ፦ የፊልሙ ኮከብ። በስተቀኝ፦ ማንነቱ ያልታወቀ አስተናጋጅ። ኮቱ የስቱዲዮው ንብረት ነበር።”

ክብርት ሆይ፣ በቅድሚያ ለጤናዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። ከላይ ያለውን ቃል በቃል የገለበጥሁት በአዲሱ ኤግዚቢሽንዎ አንድ ፎቶግራፍና አንድ ኮት ከተሰቀሉበት የመስታወት ሣጥን ሥር ነው። ማንነቱ ያልታወቀው አስተናጋጅ አባቴ ኤልመር ቮይት ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲሆን በአረጋውያን ተዋንያን መኖሪያ ይኖራሉ። ፎቶግራፋቸው መሰቀሉን ሰምተው እሁድ ኤፕሪል 26 ስድስት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ሊያዩት ተሰናድተዋል። ከሥሩ የተጻፈውን ግን እስካሁን አልነገርኋቸውም።

ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስሙ እንዲስተካከል ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። ጽሕፈት ቤትዎ “ስማቸው በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ የለም” ሲል መለሰልኝ፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ይህ ፊልም በተሠራበት በ1938 ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ የተናገረ ተዋናይ ስሙ በሸራው ላይ እንደማይወጣ የሚያውቅ ተቋም ቢኖር የእርስዎ ሙዚየም ይመስለኝ ነበር።

2. የኤግዚቢሽኑ መጽሔት በገጽ 14፣ ኮከቢቱ ስታለቅስ አስተናጋጁ የጠረጴዛውን መብራት ቀስ አድርጎ ከፊቷ የሚያርቅበትን ቅጽበት “የዳይሬክተሩ ጥልቅ ፈጠራ” ይለዋል። ጥልቁ ዳይሬክተር ያን ጊዜ ያሉት “አንተ! መብራቱን ንካ ያለህ ማነው?” ነበር። አባቴም “ታዲያ ጌታዬ፣ ሴትዮዋ እያለቀሰች ሜኑ ላምጣላት?” ብለው ሲመልሱ የቀረጻ ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መብራቱም እንደተገፋ ቀረ።

3. ኮቱ የስቱዲዮው ሆኖ አያውቅም። በዚያ ዘመን አስተናጋጅ ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ ጅራታሙን ጥቁር ኮት ከቤቱ ለብሶ ይመጣ ነበር፤ ደህና ኮት የሌለውን ማንም አይጠራውም። አባቴ በዚህ አንድ ኮት በመቶ አሥራ ሁለት ፊልሞች ሰው አብልተዋል፤ በአንዱም ተቀምጠው አልበሉም። በ1979 ለሙዚየምዎ በገዛ እጃቸው አስረከቡት። እናቴ በመልበሻ ክፍል ከሌሎች ኮት ጋር እንዳይለዋወጥ ብላ ሙሉ ስማቸውን በቀይ ክር ጠልፋበታለች፤ በስተቀኝ በኩል፣ በውስጠኛው ኪስ። ስምንት ዓመት ሙሉ ኪሱን ሳይዳስስ ለኖረው የምርምር ክፍልዎ ጨዋነት ያለኝን አድናቆት እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ።

ጽሑፉ ስለ መታረሙ የሚገልጽ በፊርማዎ የተረጋገጠ መልስ እስከ ዓርብ ኤፕሪል 24 ቀን 1987፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።

ለድካምዎ ሁሉ፣ በተለይም ላልደከሙበት፣ ከልብ የማመሰግንዎ፣
የዚያ ማንነቱ ያልታወቀ አስተናጋጅ ልጅ፣
ሩፐርት ቮይት
የታሪክ መምህር

ማስታወሻ፦ የአባቴ ዓይን ስለደከመ ትንንሽ ጽሑፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ዋሽቻቸውም አላውቅም። ስለዚህ “እሁድ ዕለት የሙዚየሙ ኃላፊ ራሳቸው ከፎቶግራፉ ሥር ያለውን ያነቡልዎታል” ብያቸዋለሁ። እጅግ ደስ ብሏቸው ከረባታቸውን ከአሁኑ አስተኩሰዋል።