የእቁብ ካርድ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ልጄ ሜሮን መገናኛ ከሚሰበሰቡ ጓደኞቿ ጋር ለምትሠራው የካርድ ጨዋታ አዲስ ሕግ እንዳወጣላት ብትለምነኝ እቁብን አሰብኩላት። በየዙሩ ሁሉም አንድ አንድ ካርድ መሐል ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት ሁሉንም ይወስዳል፤ በመጨረሻ ብዙ ካርድ የያዘ ያሸንፋል። የወሰደ ሰው ሌሎቹም እስኪደርሳቸው መጣሉን ይቀጥላል የሚለውን ግን አልጻፍኩም። ክፍተቱን አይቼው ነበር። ማን እንዲህ ያደርጋል ብዬ ተውኩት።

እኔው አደረግኩት። ዛሬ ከሰዓት ከእሷና ከባለቤቴ ወንድም ከዳዊት ጋር ስንሞክረው የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ካርዶቹን ወሰድኩና በሚቀጥለው ዙር እጄን ሰበሰብኩ።

«ጋሼ፣ በልተህ ልትጠፋ ነው?» ብሎ ዳዊት ሳቀ።

«የወሰደ ይጣል የሚል ሕግ የለም» አልኩት።

ሜሮን አልሳቀችም። «አባዬ፣ ሕጉን የጻፍከው እኮ አንተ ነህ።»

አሸነፍኳቸው። ደስም ብሎኝ ነበር።

ሜሮን ሕጉ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ የራሱን ካርድ አስይዞ ዋስ ካልሆነው አይወስድም። እንደገና ጀመርን። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ስለገባ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ስመለስ ዳዊት ዕጣውን አውጥቷል፤ አሁንም የእኔ ነው።

«ዋስህ ማነው?» አለች ሜሮን።

ዳዊት ጣሪያውን አየ። እሷም በእጇ ያሉትን ካርዶች ታስተካክል ጀመር። ጥሩ ሕግ ነው፤ ጨዋታው አሁን ሚዛኑን አግኝቷል። የሚያነሳቸው ጠፍቶ ካርዶቹ መሐል ላይ ቀሩ።