ባለ ሦስት ቋጠሮው ቃጫ

ዲላ፣ ጥቅምት 18

ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣ ስላለ ብርዱ እንደሚፈታተንሽ አውቃለሁ። ሱቅሽ፣ ጎረቤቱ፣ የጸሎት ጓደኞችሽ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ከናፍቆትሽና ከአንድ የአውራ ጣት ጥፍር በስተቀር ደህና ነኝ። ስለ ጥፍሩ አትደንግጪ፣ እየበቀለ ነው። መዶሻ ነው የመታኝ፣ መጋዝ አይደለም።

ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት እየጮኸ አይረብሽም። ደስ ካለሽ ታነቢዋለሽ፣ ደስ ካላለሽ በርበሬ ትጠቀልዪበታለሽ።

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። የመጨረሻ ቃልሽን አንድም ሳልቀንስ አስታውሰዋለሁ። እንጨት ባሌን ወስዶብኛል፣ ልጄን አልጨምርለትም፤ ፀጉርሽ ላይ ሰጋቱራ ይዘሽ በደጄ እንዳትገቢ ነበር ያልሽኝ። አልተቀየምኩም ብልሽ ውሸት ነው። በጣም ተቀይሜያለሁ። አባዬ ግንድ ሲያራግፍ ተንከባሎበት እንደሞተ እኔም አውቃለሁ፤ ያን ቀን ሰዎቹ ተሸክመውት ሲመጡ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የወረዳውን ሥራ ትቼ አናጢ ስሆን አንቺን ለማናደድ መስሎሽ ይሆናል። አይደለም። ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስመታ ውዬ ዛሬ ምን ሠራሁ ብል የማሳየው ነገር አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

አሁን ስላለሁበት ቤት ልንገርሽ። የምኖረው ሀምዲያ የምትባል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ባሏ ሙሐሲን አይሱዙ አለው። ግቢው ውስጥ ያለው ጋራዥ ለቤት መኪና ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አይሱዙው አልገባ አለው፤ እሱ ውጭ ያድራል፣ እኔ ጋራዡን ከኋላው ካለች አንዲት ክፍል ጋር ተከራየሁት። በኋላዋ ክፍል እተኛለሁ፣ በፊተኛው እሠራለሁ። ትልቁን በር ሙሉውን ስከፍተው ብርሃኑ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ይደርሳል። ሀምዲያ መጀመሪያ ሰሞን በጩኸቱ ታኮርፈኝ ነበር። የወጥ ቤት መደርደሪያ ከሠራሁላት ወዲህ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር እየጎተተች ታሳያለች፤ ስለ ጩኸቱ ማንሳቱንም ተወችው።

ሥራ አላጣሁም። የተማሪ ጠረጴዛ፣ የሙሽራ አልጋ፣ የሱቅ መደርደሪያ እሠራለሁ። ሰው ይመጣና ባለሙያውን ጥሪልኝ ይለኛል። አንዴ ለስልክ መጠገኛው ባለ መስታወት ሳጥን ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ እንዲሁ ሲለኝ፣ እሺ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሻሼን ፈታሁ፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ ሰካሁ፣ ተመልሼ ወጣሁና ባለሙያው መጥቷል፣ ምን ልታዘዝ አልኩት። አፍሮ ሳቀ። ሳጥኑን ወስዶ በወሩ ሌላ አዘዘኝ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ግን ስለ አንዲት ደንበኛዬ ላወራሽ ብዬ ነው። እዚያው አንቺ ያለሽበት ገደብ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ምናልባት ታውቂያት ይሆናል።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ጎረቤትሽ ደመላሽ ለቡናው ጆንያ ሊገዛ ዲላ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ደመላሽን ታውቂዋለሽ፣ ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል። ገደብ ውስጥ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ባንኮኒና መደርደሪያ ማሠራት ትፈልጋለች አለኝ። ማን ናት ስለው፣ አዲስ ሰው ናት፣ አታውቂያትም አለና ጆሮውን አሸ። ገደብ ሦስት አናጢ እያለ ለምን እዚህ ድረስ ስለው፣ የዲላዋን ነው የምፈልገው ብላለች አለና ሁለተኛውን ጆሮ አሸ። እሺ ልኩን ስጠኝ አልኩት። ከኪሱ የተጠቀለለ ቃጫ አወጣ። ሴትየዋ ሜትር የላትም፣ ወረቀት ላይ መጻፉንም አልወደደችም፣ በዚህ ለክታ ሰጥታኛለች አለኝ። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ የባንኮኒው ወርድ ነው፤ እስከ ሁለተኛው ከመሬት እስከ ክርኗ ያለው ከፍታ፤ እስከ ሦስተኛው ርዝመቱ።

ቃጫውን ይዤ ወደ ብርሃኑ ወጣሁ። ቋጠሮዎቹ ድርብ ናቸው፣ ደግሞ ወደ ግራ የዞሩ። ግራኝ ሰው የቋጠረውን ሌላው በቀላሉ አይፈታውም። አንደኛ ክፍል ሳለሁ ምሳዬን በጨርቅ ቋጥረሽ ሰጥተሽኝ፣ መፍታት አቅቶኝ ከነምሳዬ ተርቤ የተመለስኩበት ቀን ትዝ ይልሻል? መምህርት ካሳነሽ በጥርሷ ሁሉ ሞክራ አልሆነላትም ነበር። ገደብ ውስጥ ስንት ግራኝ ሴት እንዳለች አላውቅም። ደመላሽንም አልጠየቅኩትም።

እሱ ከሄደ በኋላ ቃጫውን በራሴ ቁመት ለካሁት። የማያዩትን ደንበኛ ዕቃ መሥራት ስለሚያስቸግር አንዲት የማውቃትን ሴት በሐሳቤ አቆምኩ። ጎን ለጎን ቆመን ዕቃ ስናጥብ ክርናችን ይጋጭ ነበር፣ እኩል ነበርን። ሁለተኛው ቋጠሮ ግን ከክርኔ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ። ተሳስቼ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ለካሁ። እማዬ፣ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጣት ያጥራል? ወይስ ጉልበቷ አልዘረጋ ብሏት ጎንበስ እንዳለች ነው የለካችው? ይህን ደመላሽ ሲመለስ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት፤ የሚያሸው ሦስተኛ ጆሮ የለውም።

ባንኮኒውን በዋንዛ ነው የሠራሁት። ላዩ ሦስት ሰፋፊ ጣውላ ነው፣ ያለ ሚስማር አጋጥሜዋለሁ፤ እጅሽን ብታሳልፊበት መጋጠሚያው የት እንደሆነ አታውቂም። ጠርዙን አድቦልቡዬዋለሁ፣ የሴትየዋን ቀሚስ እንዳይዝባት። መሳቢያውን በግራ በኩል አደረግኩት፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ከራሴ ነው። መደርደሪያው ላይ ጨውና ሳሙና የሚቀመጥበትን ሰፊ ረድፍ ከታች አውጥቼ ወገብ ልክ ላይ አመጣሁት፤ ከባድ ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የለባትም። የላይኛውም ሳይንጠራሩ የሚደረስ ነው።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። የባንኮኒውን አራት እግር ስቆርጥ ቃጫው ከጎኔ ተዘርግቶ እያለ በራሴ ክርን ልክ ቆረጥኩት። አቁሜው ስቆምበት በጣም ተመቸኝ፤ ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። አንድ ቀን ሙሉ እንደዚያው ተውኩት። ልክ ነው፣ ቃጫው ነው የተሳሳተው እያልኩ ስዞረው ዋልኩ። በማግስቱ አጋድሜ ከእያንዳንዱ እግር ሁለት ጣት ቆረጥኩለት። አራቱ ቁራጮች አልተጣሉም፤ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ሀምዲያ ለምን እንዳስቀመጥኳቸው ጠይቃኝ ለማገዶ ያንሳሉ አልኳት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። የአባዬን መላጊያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከቤት በወጣሁ ቀን ከአልጋሽ ሥር ካለው ሳጥን አውጥቼ በልብሴ መሐል ከተትኩት። ታቃጥዪዋለሽ ብዬ ስለፈራሁ ነው እንጂ ልሰርቅሽ አልነበረም። ሌብነት ነው ካልሽም ይቅር በይኝ። ስቸኩል አባዬ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠውን ትርፍ ስለት እዚያው ሳጥን ውስጥ ረስቼው ወጣሁ። ያለኝ ስለት ደግሞ ተስሎ ተስሎ አልቆ ነበር፤ እዚህ ገበያ የሚገኘው ለሱ አይሆንም።

ደመላሽ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ ከዐሥር ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። ባንኮኒውን ዞሮ ዞሮ አየው፣ በእጁ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ሴትየዋ ነች የላከችው፤ ቤት ተቀምጦ ዝገት ከሚበላው ለሥራዋ ይሁናት ብላለች አለኝ። ጨርቁን ስፈታው የመላጊያ ስለት ነው። ዘይት ተቀብቷል። ጥጉ ላይ አባዬ በሚስማር የጫራት ምልክት አለችበት። መላጊያው ውስጥ ከተትኩት፣ ልክ ገባ። የማላውቃት የገደብ ሴት ይህን ከየት አገኘችው ብዬ አልጠየቅኩም። የሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ደመላሽ ደንግጦ ሰጋቱራ ዓይንሽ ገባ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እኔም ጆሮዬን ሳላሽ አልቀረሁም።

የባንኮኒውን ገጽ በዚያ ስለት ላግኩት። ከዚህ በፊት እንደዚያ ለስልሶ የወጣልኝ ሥራ የለም።

ያቺን ሴት ካገኘሻት አንድ ነገር ንገሪልኝ። የምትፈራ ሴት ከሆነች አትፍሪ በያት። ግንድ አልነካም። የምገዛው ተሰንጥቆ የደረቀ ጣውላ ብቻ ነው፤ እሱም ሲራገፍ እኔ በረንዳ ላይ ነኝ፣ ሙሐሲንና ጫኞቹ አውርደው ሲጨርሱ ነው የምጠጋው። እነሱ ሰነፍ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ሥራውን ስጀምር በአባዬ ስም ለራሴ የገባሁት ቃል ነው፣ አንድም ቀን አላፈረስኩትም። ይህን ለአንቺ ነግሬሽ መውጣት ነበረብኝ። ያን ቀን ሁለታችንም እየጮኽን ነበር፣ እኔም ለመናገር እልህ ያዘኝ።

ሐሙስ ሙሐሲን ወደ ገደብ ዕቃ ስለሚያደርስ ባንኮኒውንም መደርደሪያውንም ጭኖ ይመጣል። ሁሉም አልቋል፣ ከአንዲት ነገር በስተቀር። ግራ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ቆማ ስትውል እግሯን የምታሳርፍበት ጣውላ ጨምሬላታለሁ። የሱ ከፍታ በቃጫ አይለካም፤ ሴትየዋ ባንኮኒው ጋ ቆማ፣ እግሯን አንስታ፣ እዚህ ጋ ይመቸኛል ማለት አለባት፣ አናጢውም ከሥሯ ተንበርክኮ ማየት አለበት። ስለዚህ አላሰርኩትም። ከአራት ብሎን ጋር ሰፊው ረድፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ማሰሩ ለማንም አናጢ ቀላል ነው፣ ገደብ ሦስት አሉ። የዲላዋን ነው የምፈልገው ካለች ግን ለደመላሽ ብትነግረው ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ ልልከው ነበር። ደመላሽ ሁለቱም ጆሮው ቀልቷል፣ አዘንኩለት። ስለዚህ ከባንኮኒው ጋር አብሮ ይምጣ ብዬ በግራ በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቃጫውም አብሮት አለ፣ ቋጠሮዎቹን አልፈታኋቸውም። ያቺ ሴት መሳቢያውን ስትከፍት ታገኘዋለች፤ ለማን እንደተጻፈም አይጠፋትም።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደጅሽ ገበያተኛ አይጣ፣ ቤትሽ ሰላም አይጉደልበት። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ለእኔም ሲል ይስጥሽ። ነይ ካልሽኝ ደጅ ቆሜ ፀጉሬን በደንብ አራግፌ እገባለሁ።

ልጅሽ