ከልብሱ የተቆረጠው ጥለት

የካቲት 3
አቧራ የያዘ ንፋስ። ካይሮ አትታይም። ፉል በልቼ ሙዚየም ገባሁ፤ ሙዚየሙ ለሚያሳትመው መዝገበ ቃላት እንድጽፈው የተሰጠኝን «ጢራዝ» የሚለውን ቃል ጨረስኩ... የጨረስኩ መሰለኝ። የጥንት ሰዎች የልብስ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥለት እንዲህ ይሉት ነበር። ቃሉ ከፋርሶች የመጣ ነው። መጀመሪያ ጥልፍ ማለት ነበር፣ ኋላ የከሊፋው ስም የተጻፈበት ጥለት ሆነ፣ ኋላ ደግሞ ጥለቱ የሚሠራበት ቤት ራሱ። በመጨረሻ «ለብቻው ተሸምኖ ልብሱ ላይ ይሰፋል» ብዬ ጨመርኩ። መሳቢያችን ውስጥ ያሉት አርባ ጥለቶች ሁሉም ቀጫጭን ቁራጭ ናቸዋ። ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስሜ ሲታተም የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት 4
አጎት የምላቸው፣ በሻይ የሚባሉት ሽማግሌ ሳቁብኝ። በላይኛው ግብፅ፣ የአኽሚም ከተማ ሸማኔ ነበሩ፤ አሁን ዕቃ ቤታችን ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ይጠግናሉ። የጻፍኩትን ሳነብላቸው...
«ይሰፋል ያለሽ ማነው?»
አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። «ድሩን ተከተይ፣ ልጄ።»
ተከተልኩ። ድሩ ጥለቱን አልፎ ወደ ነጩ ጨርቅ ይሄዳል፣ እዚያ በመቀስ ተቆርጧል። አርባውንም አየሁ። ስፌት የለም! ጥለቱና ልብሱ አብረው ነው የተሸመኑት።
«ማን ቆረጠው ታዲያ?»
መነጽሩን ወለወሉ። ወደ ጥገናቸው ዞሩ። ምን አስቀየምኳቸው?

የካቲት 5
ተናገሩ። አያታቸው ቡቅጡር ከጥንት መቃብር የወጣ ልብስ ለነጋዴ ይሸጡ ነበር።
«ፈረንጅ የሚፈልገው ጌጡን ብቻ ነው። ነጩን ማን ይገዛል? ፋኖስ ተወለወለበት።»
«እርስዎ ምን አጠፉ፣ አጎቴ?»
«አያቴ ሸማኔ እኮ ነበር። የሸማኔ ልፋት ሲቆርጥ እጁ እንዴት እሺ አለው?»


የካቲት 6
ለአለቃዬ ለዶክተር ሰሚሓ መሳሳቴን ነገርኳት። አፈርኩ።
«ታትሞ ቢሆን ኖሮስ? ሂጂ አርሚው። እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ።»
አላህ ይስጣት።

የካቲት 8
አርሜ አስረከብኩ። «ከልብሱ ጋር አብሮ የሚሸመን ጥለት፤ ዛሬ ለብቻው የሚገኘው በኋላ ስለተቆረጠ ነው።» አጎት በሻይ ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ፣ ጠርዙ ተቆርጦ የተወሰደ። አያታቸው ሲቆርጡ ሴት አያታቸው ደብቀው ያስቀሩት ነው። ከአርባዎቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው... አንዱም አልገጠመም።
«ይሁን። ከነሱ ጋር ይደር።»
ሙዚየሙ ስጦታ የሚመዘግብበትን ቅጽ አወጣሁ። የሰጪው ስም? የሳቸውን ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።
«ቡቅጡር ብለሽ ጻፊ። ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ አንዴ እንኳ ይስጥ።»
ጻፍኩ። እኔን ከስህተት ያዳኑኝ ሰው ስማቸው የትም አልሰፈረም። እዚህ ላስፍረው፦ በሻይ፣ የአኽሚም ሸማኔ። ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ።